ሚሊዮን ፎቶ የት ይቀመጥ?

ጥያቄ፦ የዕቃ መሸጫ መተግበሪያ አለን። ደንበኞች የሚጭኗቸው ፎቶዎች ሚሊዮን ሲደርሱ ሰርቨሩ ተንቀራፈፈ። ትልቅ ዲስክ እንግዛ?

መልስ፦ ዲስኩን ለጊዜው ተዉት፤ ችግሩ የቦታ ጥበት አይመስለኝም። ፌስቡክም በዚሁ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ ባደረገው ጽሑፍ ከ260 ቢሊዮን በላይ ምስሎች እንዳከማቸ ገልጿል። ያደከመው ፎቶውን ማንበብ ሳይሆን መፈለግ ነበር፦ ዲስኩ መጀመሪያ ማውጫውን፣ ቀጥሎ የፋይሉን መረጃ፣ በመጨረሻ ፋይሉን ራሱን ያነብ ነበር። ሄይስታክ የተባለው ሥርዓቱ ግን ብዙ ፎቶዎችን በአንድ ግዙፍ ፋይል ውስጥ አከታትሎ ይጽፍ፣ እያንዳንዱ ከየት እንደሚጀምር በሜሞሪ ይይዝ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ፎቶ ዲስኩ የሚነካው አንዴ ብቻ ነበር።

እናንተ ይህን ከባዶ አትገንቡ። ፎቶዎቹን እንደ አማዞን ኤስ3 ባለ ማከማቻ አኑሩ፤ ዳታቤዙ ውስጥ አድራሻቸው ብቻ ይግባ። ፎቶው እንደተጫነ ትንንሽ ቅጂዎች አዘጋጁ፤ ጥፍር ለሚያክል ምስል 5 ሜጋባይት መላክ የደንበኛውን የሞባይል ካርድ መጨረስ ነው። ከፊት ሲዲኤን፣ ማለትም የፎቶዎቹን ቅጂ (ካሽ) ለደንበኛው ቅርብ በሆነ ሰርቨር የሚይዝ አገልግሎት፣ ይኑር። ፎቶ ሲቀየር የፋይሉም ስም ይቀየር፤ አለዚያ ካሹ የድሮውን ማሳየቱን ይቀጥላል።

አንድ አደራ፦ በስልክ የተነሣ ፎቶ የተነሣበትን ቦታ የጂፒኤስ መረጃ ሊይዝ ይችላል። ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት አጥፉት፤ የሻጩ መኖሪያ ቤት ሊሆን ይችላልና።