ለኮድ ጻፊው ረዳት የሚወጣ ደንብ

ክላውድ ኮድ የተባለው ኮድ ጻፊ ረዳት ሥራ ሲጀምር በፕሮጀክቱ ፎልደር ያለውን «ክላውድ ዶት ኤምዲ» የተባለ ፋይል ያነባል። ደንባችንን የምንጽፈው በዚሁ ላይ ነው። ታዲያ ደንቡ እንዴት ያለ ይሁን?

አንደኛ፤ የሚመረመር ይሁን። «ጥሩ ኮድ ጻፍ» ማለት ምኞት ነው፤ «ቴስቶቹን ሳታስኬድ ጨረስሁ አትበል» ማለት ግን ትእዛዝ ነው።

ሁለተኛ፤ አጭር ይሁን፤ ደንብ በበዛ ቁጥር የሚዘነጋውም ይበዛልና።

ሦስተኛ፤ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ረዳቱ ቴስቱ አላልፍ ሲለው ኮዱን በማረም ፈንታ ቴስቱን የሚለውጥበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ቴስቱ የሥራው ሚዛን ነውና አትንካው» እንበለው።

ነገር ግን የተጻፈ ደንብ ምክር እንጂ ቁልፍ አይደለም፤ ፋይል እንዳይሰርዝብን ከፈለግን ፈቃዱን በሴቲንጉ እንንሣው። ከሁሉም በላይ ያልገባንን ኮድ በስማችን አናስረክብ፤ ተጠያቂዎቹ እኛው ነንና።