የሃርሞኒክ ምንጭን በሲሙሌሽን ስንሠራ ሠንጠረዡ ብቻውን አይበቃም

ከዘነበወርቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ጦር ኃይሎች ላይ፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ጫፍ ይገኛል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ይህ መስመር ባቡሩን የሚነዳው በ750 ቮልት ዲሲ ነው። ከኔትወርኩ የሚመጣው ግን 50 ኸርዝ ኤሲ ስለሆነ በመሀል ሬክቲፋየር የግድ ነው። በሰፈራችን ያሉት ዘመናዊ የብየዳ ማሽኖች፣ የሞተር ድራይቮችና ኮምፒዩተሮችም ውስጣቸው ሬክቲፋየር አለ። ሬክቲፋየር ከረንቱን እየቆራረጠ ይስባል። ይህ የተቆራረጠ ከረንት ሲተነተን የ50 ኸርዝ ብዜቶች ይወጡታል፤ ሃርሞኒክ የምንላቸው እነሱን ነው።

ይህንን በኢታፕ ወይም በፓወርፋክተሪ ልናጠና ስንነሳ አብዛኞቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ከመጽሐፍ ላይ የስድስት ፐልስ ሬክቲፋየር ሠንጠረዥ እናወጣለን፦ 5ኛው 20፣ 7ኛው 14.3፣ 11ኛው 9.1፣ 13ኛው 7.7 ፐርሰንት። ምንጩን እንደ ከረንት ምንጭ አስገብተን ውጤቱን እንጠብቃለን። ታዲያ ምን ይጎድላል?

አንደኛው የሚጎድለው አንግል ነው። እኩል ጭነት ያላቸው ሁለት ሬክቲፋየሮች አሉ እንበል። አንዱ በስታር-ስታር፣ ሌላው በዴልታ-ስታር ትራንስፎርመር ይመገባል። በተግባር 5ኛውና 7ኛው ሃርሞኒክ በላይኛው ወገን እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የ12 ፐልስ ሬክቲፋየር ጥቅሙም ይኸው ነው። የአንግሉን ዓምድ ዜሮ አድርገን ከተውነው ግን ፕሮግራሙ ሁለቱን ሊደምራቸው ይችላል። የሌለ ችግር ፈጥረን ለማያስፈልግ ፊልተር ገንዘብ እናስወጣለን ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የ50 ኸርዝ ሎድ ፍሎው መሠራት አለበት። መሠረታዊው ከረንት በ10 ዲግሪ ሲዞር 5ኛው በ50 ዲግሪ ይዞራልና።

ሁለተኛው ኔትወርኩ ራሱ ነው። ምንጩ ከረንት ይሰጣል፤ ቮልቴጁን የሚያዛባው ግን ያ ከረንት የሚያገኘው ኢምፒዳንስ ነው። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር የትራንስፎርመሩ ሪአክታንስ ይጨምራል፣ የካፓሲተሩ ይቀንሳል። እኩል የሚሆኑበት ቦታ ላይ ሬዞናንስ ይፈጠራል።

በቁጥር እንየው። አንድ የብረታ ብረት ወርክሾፕ 15 ኪሎቮልቱን ወደ 400 ቮልት በሚያወርድ 630 ኪሎቮልት አምፒር ትራንስፎርመር ይሠራል እንበል፤ ኢምፒዳንሱ 4 ፐርሰንት ነው። ከላይ ያለውን ኔትወርክ ለጊዜው ብንተወው የሾርት ሰርኪዩት አቅሙ 630 ሲካፈል ለ0.04፣ ማለትም 15,750 ኪሎቮልት አምፒር ይሆናል። ባለቤቱ ፓወር ፋክተር ለማሻሻል 320 ኪሎቫር ካፓሲተር ቢገጥም፣ 15,750 ለ320 ተካፍሎ ካሬ ሩቱ ሲወሰድ 7 ገደማ ይመጣል። ልክ ድራይቩ 7ኛውን ሃርሞኒክ በሚልክበት ቦታ! ካፓሲተሩ ይሞቃል፣ ፊውዙ ይበጠሳል። ሰውየው "ዕቃው ፎርጂድ ነው" ብሎ ሌላ ይገዛል፤ እሱም ይቃጠላል። ጥፋቱ ግን የዕቃው ሳይሆን የስሌቱ ነው።

መፍትሔው ከካፓሲተሩ ጋር በሲሪየስ የ7 ፐርሰንት ሪአክተር ማስገባት ነው። ያኔ የካፓሲተሩና የሪአክተሩ ሬዞናንስ ወደ 189 ኸርዝ፣ ማለትም ከ5ኛው ሃርሞኒክ በታች ይወርዳል። ካፓሲተሩ ላይ የሚያርፈው ቮልቴጅ ግን ስለሚጨምር ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚችል መመረጥ አለበት።

እንግዲህ ለፕሮጀክት የምትዘጋጁ ጓደኞች፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን። የሬክቲፋየሩን ፐልስ ቁጥር ከስም ሰሌዳው ወይም ከሥዕሉ አረጋግጡ፤ በግምት አትሙሉ። ሎድ ፍሎው ሥሩ። አንግሉን አስገቡ። ካፓሲተሩንና ኬብሉን አትርሱ። ከዚያ ፍሪኩዌንሲ ስካን አድርጋችሁ ጫፉ የት እንደሚወጣ እዩ። በመጨረሻ ውጤቱን ከአይትሪፕልኢ 519 ገደብ ጋር አስተያዩ፤ እስከ 1 ኪሎቮልት ባለው ኔትወርክ ላይ ጠቅላላ የቮልቴጅ መዛባት ከ8 ፐርሰንት መብለጥ የለበትም። ቮልቴጁ ራሱ በጣም ከተዛባ ግን የሬክቲፋየሩ ከረንትም ስለሚለወጥ በሲሙሊንክ በጊዜ ዶሜይን መፈተሽ ይሻላል።

ኮምፒዩተር የሰጠነውን ነው የሚመልሰው። ቀይ ምልክት አላሳየም ማለት ትክክል ሠርተናል ማለት አይደለም። ቸር ይግጠመን!