ቃልና ሥዕል፦ ሰሞኑን ስላነበብናቸው ሦስት መጻሕፍት

«መጽሐፉ እንዴት ነው?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን «ግሩም ነው» ወይም «አይረባም» ብለን እናልፋለን። ይህ ስሜትን መግለጽ ነው እንጂ አስተያየት መስጠት አይደለም። አስተያየት የሚባለው መጽሐፉን ገልጦ «ይኸውላችሁ፣ የወደድነው እዚህ ቦታ ላይ እንዲህ ስለተደረገ ነው» ብሎ ማሳየት ሲቻል ነው። ይህ ለማንኛውም አንባቢ መልካም ልማድ ሲሆን ለመምህር ግን ግዴታ ነው። ነገ ተመርቀን ስንመደብ፣ ልጆች የትኛውን ያንብቡ፣ የትኛውስ ይቆይላቸው ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩ ነውና። ሳያነብ የሚያሞግስና ሳያነብ የሚከለክል መምህር ደግሞ ሁለቱም ያው ናቸው።

በዚህ የትምህርት ወቅት ጥቂት ሠልጣኞች ሆነን ሦስት መጻሕፍት እየተቀባበልን አነበብን። አንደኛው የአገራችን ልብ ወለድ ነው። ሁለቱ ታሪካቸውን በተከታታይ ሥዕልና በአጫጭር ጽሑፍ የሚተርኩ፣ በተለምዶ «ግራፊክ ኖቭል» የሚባሉ ናቸው። ሁለቱም የእውነተኛ ሰዎች ሕይወት ስለሆኑ ልብ ወለድ ከማለት «የሥዕል ትረካ» ብንላቸው ይሻላል። ከመካከላችን «ሥዕል የበዛበት መጽሐፍ የሕፃን ነው» ያሉም ነበሩ። እስቲ ይህን አባባል ከመጻሕፍቱ ጋር እያገናዘብን እንመርምረው።

1. በቃል ብቻ፦ ፍቅር እስከ መቃብር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው ከማንበቡ በፊት በጆሮው ያውቀዋል፤ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ሁሉ ሰምቶታልና።

በእኛ በኩል አንድ ነገር ልብ እንበል። በዛብህ የሙያ ባልደረባችን ነው! ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። እርሱ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር የተሳሉት በመሆኑ እንዳያገባ ስለቱ ይዞታል። እርሷን ደግሞ አባቷ አጥንት እየቆጠሩ፣ ለጠየቀ ሁሉ «አይመጥናትም» እያሉ አስቀርተዋታል። ሁለቱም የታሰሩት ሌላ ሰው በወሰነላቸው ነገር ነው። ደራሲው ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮን ቢያልፍ ኖሮ አናምነውም ነበር። እርሱ ግን የወላጆቹን ኑሮና የስለቱን ነገር አስቀድሞ በሰፊው ስለሚተርክ፣ በኋላ የበዛብህ ፍርሃት የእኛም ፍርሃት ይሆናል።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሥቷል። አንዳንዶቻችን «መጀመሪያው ተንዛዛ፣ ፍቅሩ እስኪመጣ ሰው ይሰለቻል» አሉ። ሌሎቻችን ደግሞ ያ ርዝመት ከሌለ ስለቱ ሸክም ሆኖ አይሰማም ባዮች ነን። ስለ ጉዱ ካሣም እንዲሁ። ከዘመዶቹ ከመኳንንቱ ተለይቶ የሚያስብ፣ በዚህም ምክንያት «ጉዱ» የተባለ ሰው ነው። ሐሳቡ ጠሊቅ ነው፤ ነገር ግን አልፎ አልፎ ንግግሩ ረዝሞ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ገለጻ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ይህ የመጽሐፉ ድካም ነው። ቢሆንም ያው ንግግር ባይኖር ገበሬዎቹ በፊታውራሪ ላይ ሲነሡ ነገሩ ድንገተኛ ሽፍትነት መስሎ ይታየን ነበር። እንግዲህ ድካሙና ጥንካሬው አንድ ቦታ ላይ ናቸው ማለት ነው።

2. በሁለት ሥዕሎች መካከል ያለው ክፍተት

አሁን ወደ ሥዕሉ እንለፍ። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ሣጥን ሥሉ። በመጀመሪያው ሣጥን አንዲት ልጅ እንስራ አዝላ ወደ ወንዝ ትወርዳለች። በሁለተኛው ያችው ልጅ ባዶ እጇን፣ አንገቷን ደፍታ ቤቷ በር ላይ ቆማለች። እንስራው ሲሰበር ማንም አልሣለም። ሆኖም ያየ ሁሉ ሲሰበር ሰምቷል! የሥዕል ትረካ ዋናው ብልሃት ይህ ነው። ደራሲው የሣለውን ያህል ያልሣለውም ይናገራል፤ ክፍተቱን የሚሞላው አንባቢው ነው።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። የንግሥተ ሳባንና የንጉሥ ሰሎሞንን ታሪክ የሚያሳየውን፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሣጥኖች ተከፍሎ ከየሥዕሉ ጋር አጭር ጽሑፍ ያለበትን የሸራ ሥዕል ያላየ ጥቂት ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም የቅዱሳን ገድል በተከታታይ ሥዕል ይነገራል። ያ ሁሉ ለሕፃናት ብቻ የተሣለ ነው የሚል አለ እንዴ?

3. ፐርሴፖሊስ

«ፐርሴፖሊስ»ን የጻፈችውም የሣለችውም በኢራን ዋና ከተማ በቴህራን ያደገችው ማርዣን ሳትራፒ ናት። በፈረንሳይ አገር ከ2000 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በአራት ቅጽ ታተመ። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው፤ ጥላ እንኳ የለውም። ታሪኩ የሚጀምረው በ1980 እ.ኤ.አ. ማርዣን የ10 ዓመት ልጅ ሳለች፣ በትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች ሻሽ እንዲሸፋፈኑ በታዘዘበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ገጽ የክፍሏ ልጆች ተሰልፈው ፎቶ ተነሥተዋል። እርሷ ግን ዳር ላይ ስለተቀመጠች ሣጥኑ ቆርጧታል፤ አትታይም ማለት ይቻላል። አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚፈልገውን ሐሳብ በአንድ የተቆረጠ ሥዕል ተናገረችው።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ስለ ኢራንና ኢራቅ ጦርነት የሚናገረው ክፍል ነው። የቤት ሠራተኛቸው ለልጇ የተሰጠውን ወርቅማ ቀለም የተቀባ የፕላስቲክ ቁልፍ ይዛ ትመጣለች። በጦርነት ከሞተ በዚያ ቁልፍ ገነት እንደሚገባ ተነግሮታል። ቁልፉን ማን ሰጠው? ትምህርት ቤቱ! መምህር ለመሆን የምንማር ሰዎች ይህን ገጽ በቶሎ ገልጠን ማለፍ አልቻልንም። ልጅ መምህሩን ያምናል፤ ያ እምነት ለምንም ነገር መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ባለው አንድ ገጽ ላይ፣ ከላይ ቁልፍ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ ልጆች በፈንጂ ወደ ላይ ሲወረወሩ በጥቁር ጥላ ይታያሉ። ከታች ማርዣንና ጓደኞቿ በግብዣ ላይ እየዘለሉ ይጨፍራሉ። የአካላቸው አኳኋን ይመሳሰላል። ደራሲዋ «የድሃው ልጅ ይሞታል፣ የተሻለው ይጨፍራል» ብላ አልሰበከችም፤ ሁለቱን ሥዕሎች አንዱን በሌላው ላይ አስቀመጠችና ተወችን።

ጉድለቱስ? በ14 ዓመቷ ወደ ቪየና ከተላከች በኋላ ያለው ክፍል እንደ ፊተኛው አልያዘንም። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል፤ ገጠመኞቹ ይበታተናሉ። ይሁንና አንዳንዶቻችን «ስደተኛ ኑሮው ራሱ እንዲያ የተበታተነ ነው» ብለው ተከራክረዋል።

4. ማውስ

የአሜሪካዊው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» በሁለት ቅጽ፣ በ1986 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በ1992 እ.ኤ.አ. ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። ደራሲው ከኦሽዊትዝ የሞት ካምፕ የተረፈውን አባቱን ቭላዴክን እየጠየቀ ያለፈውን ያስተርከዋል። በሥዕሉ አይሁድ አይጦች፣ ጀርመኖች ድመቶች፣ ፖላንዳውያን ደግሞ አሳማዎች ሆነው ቀርበዋል።

ከመካከላችን ብርቱ ተቃውሞ ቀርቦ ነበር። «ሕዝብን በእንስሳ ዓይነት መክፈል ራሱ የናዚዎች አስተሳሰብ አይደለም ወይ? ልጅ ቢያነበው፣ ሰው በትውልዱ ድመት ወይም አይጥ ሆኖ ይወለዳል ብሎ አይወስድም ወይ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ያገኘነው ከመጽሐፉ ከራሱ ነው። ቭላዴክና ሚስቱ አንያ ፖላንዳዊ መስለው ሲሸሹ አይጥ ፊታቸው ላይ የአሳማ ጭንብል ያስራሉ፤ ክሩም ይታያል። በሁለተኛው ቅጽ ደግሞ ደራሲው ራሱን የአይጥ ጭንብል ያሰረ ሰው አድርጎ ይሥላል። እንግዲህ እንስሳነቱ ሰዎች ለሰዎች ያሰሩት ጭንብል እንጂ ተፈጥሮ አይደለም። ሆኖም ይህን የሚያስተውል መምህር ከጎኑ ከሌለ፣ ልጅ ጭንብሉን ሳያይ ሊያልፍ ይችላል።

ሌላው የወደድነው እውነተኛነቱ ነው። ደራሲው አባቱን ቅዱስ አላደረገውም። ቭላዴክ ቆጣቢነቱ ንፉግነት የደረሰ፣ ሰው የሚያሰለች ሽማግሌ ነው። ይባስ ብሎ ሟች ሚስቱ የጻፈችውን የትዝታ ማስታወሻ አቃጥሎታል። ልጁ ይህን ሲሰማ አባቱን ነፍሰ ገዳይ እስከ ማለት ይደርሳል። አንድ ደብተር ማቃጠል ሰውን ሁለተኛ መግደል ሊሆን እንደሚችል እንዲህ አድርጎ ያሳየን ሌላ መጽሐፍ አላነበብንም።

5. ይከልከል ወይስ ይነበብ?

ሁለቱም የሥዕል መጻሕፍት በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ክርክር አስነሥተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በቺካጎ ከተማ ፐርሴፖሊስ ከ7ኛ ክፍል እንዲወጣ በመታዘዙ ተማሪዎች ተቃውመዋል። በ2022 እ.ኤ.አ. በቴነሲ የማክሚን አውራጃ የትምህርት ቦርድ ማውስን ከ8ኛ ክፍል ትምህርት በ10 ለ0 ድምፅ አስወጥቷል። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ጸያፍ ቃላትና አንድ የእርቃን ሥዕል መኖሩ ነው።

የዕድሜ ጉዳይ ዋዛ አይደለም። ለ7 ዓመት ልጅ የሰቆቃ ሥዕል አይሰጥም። ነገር ግን አንድ ገጽ ነጥሎ መጽሐፍን መፍረድ፣ አንድ ቀን አይቶ ተማሪን እንደ መፍረድ ነው። መምህሩ ሙሉውን ያንብብ፤ ከዚያ «ለዚህ ክፍል ይሆናል፣ ለዚያኛው ይቆይ» ይበል፤ ምክንያቱንም ከመጽሐፉ ያሳይ። «ሥዕል ስላለበት የሕፃን ነው» የሚለው አባባልም በዚሁ ይወድቃል። ሁለቱን መጻሕፍት ከባድ ያደረጋቸው ሥዕሉ ነውና።

6. በክፍል ውስጥ

ብዙዎቻችን የምንመደብበት ቦታ መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህ ትምህርት ግን ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃሉ። አንድ አጭር ተረት ለተማሪዎች ተርኩላቸው። ሰሌዳውን በአራት ሣጥን ክፈሉት። «ከተረቱ የትኞቹን አራት ነገሮች እንሣል? የትኛውን እንተው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ሲከራከሩ ዋናውን ከዝርዝሩ መለየት ይማራሉ። ቀጥሎ በሁለት ሣጥኖች መካከል የሆነውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ። ያን ጊዜ ከሥዕል ወደ ቃል ተሻገሩ ማለት ነው። ሥዕል መሣል ያቃተው ልጅ ቢኖር የክብና የመስመር ሰው ይበቃዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. «ፍቅር እስከ መቃብር» በሥዕል ትረካ ቢዘጋጅ ከጉዱ ካሣ ንግግር ምን ይቀራል? ምንስ ይጎድላል?

ለ. በቁልፉ ታሪክ ውስጥ የመምህሩ ኃላፊነት እስከ ምን ድረስ ነው?

ሐ. ሰሞኑን ካነበባችሁት መጽሐፍ አንድ ገጽ መርጣችሁ፣ ለምን እንደ ወደዳችሁት ወይም እንደ ጠላችሁት ገጹን እያሳያችሁ አስረዱ።

በተለይ በማውስ ላይ ተቃውሞ ያላችሁ ሠልጣኞችና መምህራን ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉልን። ቦታ ትተንላችኋል።