ሞተር ለገዛው የወንድሜ ልጅ

የውኃ ሞተር መግዛትህን ሰማሁ፤ እሰይ፣ ይባርክልህ። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ለሚያለማ ሰው ሰማይ ሰማይ ከማየት ያወጣል። ሻጩ ስለ ናፍጣውና ስለ ዘይቱ ነግሮህ ይሆናል፤ ስለ ውኃው እኔ ልንገርህ።

1. ሐይቁ ሰፊ ነው ብለህ አትታለል። አማካይ ጥልቀቱ ከ4 ሜትር ብዙም አያልፍም። መቂና ቀታር ወንዞች ይገቡለታል፤ የሚተርፈው በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አብያታ ሐይቅን ይቀልባል። አብያታ ደግሞ መውጫ የለውም፤ የሚመጣለት ሲቀንስ ዳሩ ይሸሻል፣ ጨውነቱ ይበረታል። ዓሣው አልቆ፣ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፈሉት ፔሊካኖች እንኳ ምግባቸውን ሌላ ሐይቅ ሄደው ነው የሚፈልጉት። ሰው ሁሉ ጣቱን በሶዳ አሽ ፋብሪካው ላይ ይቀስራል። ፋብሪካው ከአብያታ መሳቡ እውነት ነው፤ ግን ከላይ ሆነን የምንቀድመው እኛ ነን።

2. ከማጠጣትህ በፊት አፈሩን ቆፍረህ ጨብጠው። ተድቦልቡሎ ከያዘልህ ሞተሩን አታስነሣ። የሽንኩርት ሥር አጭር ነው፤ አብዛኛው ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አይወርድም። ከዚያ በታች የሰረገው ውኃ ናፍጣህንም ማዳበሪያህንም ይዞብህ ይሄዳል። ሒሳቡንም ያዝ፦ አንድ ሄክታር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ውኃ ማለት 50,000 ሊትር ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጣ።

3. ቀትር ላይ አታጠጣ። ፀሐይና ነፋስ ይካፈሉሃል።

4. ጨውን ፍራ። ተክል ውኃውን ይጠጣል እንጂ ጨውን ይተወዋል። በሊትር ግማሽ ግራም ብቻ ጨው ያለው ውኃ 1,000 ሜትር ኩብ ብታጠጣ፣ 5 ኩንታል ጨው ማሳህ ላይ ወረደ ማለት ነው። በመካከለኛው አዋሽ፣ መልካ ሰዲ አካባቢ፣ የማፋሰሻ ቦይ ሳይበጅ ጥጥ ሲጠጣ ኖሮ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ መጣ፤ ጨዉ ወጥቶ ስንቱ ለም መሬት ተጣለ። ስለዚህ ማስገቢያውን ስታስብ መውጫውንም አስብ።

5. የ1992ቱ የውኃ ሀብት አዋጅ ለቤት ፍጆታ ከሁሉ በፊት ቅድሚያ ይሰጣል። ለባህላዊ መስኖ፣ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድ፣ በባህላዊ መንገድ ማዕድን ለሚያወጣም ፈቃድ አያስፈልግም ይላል። የአንተ ሞተር ባህላዊ ነው? ወረዳ ሄደህ ጠይቅ፤ ሳይጠይቁህ።

6. ሐረማያ ሐይቅን አስብ። ጫትና አትክልት የሚያጠጡ ሞተሮች ዙሪያውን ሳቡት፣ ሐረር ከተማም ከዚያው ትጠጣ ነበር፣ ከተራቆተው ተራራ የወረደው ደለል ሞላው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጨርሶ ደረቀ። ኋላ ውኃ ቢመለስለትም ከተማዋ በድሬዳዋ በኩል ሌላ ውኃ ፍለጋ ሄዳ ነበር። የደረቀው በአንድ ሰው አይደለም፤ «የእኔ አንድ ሞተር ምን ያመጣል?» ባሉ ሰዎች ብዛት ነው።

7. ተራ ይኑራችሁ። ጎጃምና ሸዋ ወንዝ ጠልፈው የሚያጠጡ ገበሬዎች የውኃ አባት ይመርጣሉ። ተራውን የሚያስይዘው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ቦይ ጠረጋ የቀረውን የሚጠይቀው እሱ ነው። ሞተር ሲመጣ ሁሉም በየበኩሉ ነገሠ። እናንተም ከበጋው መስኖ በፊት ተሰብሰቡና ምረጡ። እኔን አትጥሩኝ፤ ጉልበቴ ከማሳ ማሳ አያዞረኝም። ልጅ እግር ፈልጉ፤ ለዘመዱ የማያዳላ ይሁን፤ አንተም ዘመድ ነኝ ብለህ ተራ አትለፍ።