የማዕድ ትራፊ እንዳይባክን ለቤትና ለጓሮ የሚጠቅም ትምህርት

አንድ እንጀራ በመሶብ ከመቅረቡ አስቀድሞ ብዙ ድካም ያልፍበታል። ገበሬው አርሶ፥ ዘርቶ፥ አርሞ፥ አጭዶና ወቅቶ እህሉን ወደ ጎተራ ያገባዋል። የቤቱ እመቤት ደግሞ አበጥራ፥ አስፈጭታ፥ አቡክታ፥ ሊጡ እስኪቦካ 2 ወይም 3 ቀን ጠብቃ፥ ምጣዷን በእንጨት ወይም በኩበት አግላ ትጋግረዋለች። እንግዲህ እንጀራው ሻግቶ ቢጣል የጠፋው ዱቄቱ ብቻ አይደለም፤ የበሬው ጉልበት፥ የሴቲቱ ድካም፥ የነደደውም እንጨት አብሮ ጠፍቷል። ይህ ጥፋት በጥጋብ ወራት አይታወቅም። ነገር ግን ሐምሌና ነሐሴ በገቡ ጊዜ፥ ጎተራው ጎድሎ አዲሱ እህል ገና ሳይደርስ፥ በልጆች ፊት ላይ ይታያል።

ጌታችን በጥቂት እንጀራ 5 ሺህ ሰው ባጠገበ ጊዜ ቍርስራሹ እንዲሰበሰብ ማዘዙን፥ 12 መሶብም መሙላቱን ወንጌልን ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። ተአምር የሚያደርግ ጌታ ትራፊውን ካልናቀ፥ በላቡ ወዝ የሚበላ ሰው እንዴት ይንቀዋል?

ስለ መብል አጠባበቅ

የቀደሙ እናቶች በዚህ ነገር ብልሆች ነበሩ። ያደረ እንጀራ ፍርፍር ይሆናል። ከዚያ የበዛ እንደ ሆነ ሳይሻግት ገና ተቈራርሶ በንጹሕ ሰፌድ ላይ ይሰጣል፤ ሲሰብሩት ቀሽ እስኪል ድረስ በፀሐይ ደርቆ በደረቅ ዕቃ ከተቀመጠ፥ ለመንገደኛ ስንቅ፥ ለክረምትም ቀለብ የሚሆን ድርቆሽ ነው። ጾም ሊገባ ሲል የተረፈ ሥጋ ተዘልዝሎ፥ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ቋንጣ ይሆናል። የጠላ አተላም ለከብት ይሰጣል። ያደረ ወጥ እስኪፈላ ድረስ እንደ ገና ይሞቅ፤ የሸተተ ወይም አረፋ ያወጣ እንደ ሆነ ግን ማሞቅ አያድነውም።

የሻገተውን ፍቆ መብላት አይገባም። ስለ ምን ቢሉ፥ ሻጋታው በላዩ ብቻ ያለ ቢመስልም ሥሩ ለዓይን ሳይታይ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለከብትም መስጠት አይበጅም፤ ወደ ብስባሽ ጉድጓድ ይግባ።

በድግስ ጊዜ ጎደለ መባል ነውር ስለ ሆነ ከልክ በላይ ይጋገራል። ሽማግሎች ይህን ልማድ በአንድ ቀን ማስተው ባይችሉ፥ የተረፈው በዚያው ማታ ለጎረቤትና ለችግረኛ እንዲከፈል ማድረግ ይችላሉ። ምጽዋት የሚባለው ሳይበላሽ የተሰጠው ነው እንጂ፥ ከተበላሸ በኋላ የሚወጣው አይደለም።

ስለ ብስባሽ

ለመብል የማይሆነው የድንች ልጣጭ፥ የጎመን ግንድ፥ የሽንኵርት ቅርፊት፥ የቡና አተላ ለመሬት ምግብ ነው። አመድና ጥራጊ የሚደፋበት የጓሮ መሬት ከሩቁ ማሳ ይልቅ እንደሚለመልም ገበሬ ሁሉ ያውቃል። እበቱ ኩበት ሆኖ ስለሚነድ የሩቁ ማሳ ከዓመት ወደ ዓመት እየከሳ ይሄዳል። እንጨት የሌለውን ቤት ኩበት አታንድድ ማለት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የወጥ ቤቱን ጥራጊ ማዳን ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። በበጋ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ በጥላ ሥር ይቈፈራል፤ በክረምት ግን ውሃ እንዳይሞላው ከመሬት በላይ ይከመራል። ከታች ገለባ፥ በላዩ እርጥብ ሣርና የወጥ ቤት ጥራጊ፥ በዚያ ላይ እበት፥ ከዚያም ጥቂት አመድና አፈር እየተነባበረ ውሃ ይረጭበታል፤ በመጨረሻም በሣር ይከደናል። በመካከሉ ረጅም ዱላ ይተከላል። ዱላው ሲነቀል ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ሥራው መልካም ነው፤ ቀዝቅዞና ደርቆ ከወጣ ውሃ ይጨመር፤ ከሸተተ ውሃው በዝቷልና ይገላበጥ፥ ገለባም ይጨመርበት። በየወሩ እየተገላበጠ ከ3 እስከ 4 ወር ሲቈይ እንደ ጥቁር አፈር ይሆናል። ሥጋና አጥንት ውሻና ጅብ ይጠራሉ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፥ ፌስታልና ጠርሙስም ከቶ አይበሰብሱምና አይግቡበት።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1996 ጀምሮ በትግራይ መንደሮች፥ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ባሉበት ሥራ፥ ገበሬዎች ብስባሽ እያዘጋጁ ሞክረውታል። ብስባሽ የተደረገበት የገብስ፥ የስንዴና የጤፍ ማሳ ምንም ካልተደረገበት ማሳ አብልጦ እንዳፈራ ተመዝኖ ታይቷል። የአንድ ቤት ጥራጊ ብቻውን ለሰፊ ማሳ አይበቃም፤ ለጓሮ ጎመን፥ ለቃሪያና ለዱባ ግን ይረዳል።

ለመምህሩ

መምህሩ በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ ጉድጓድ ያስቈፍር፤ ልጆቹም ከየቤታቸው ጥራጊ ያምጡ። ከአንድ መደብ ጎመን እኩሌታው ብስባሽ ይደረግበት፥ እኩሌታው ይቅር። ልጆቹ ልዩነቱን በዓይናቸው አይተው ለወላጆቻቸው ይነግራሉ፤ ከብዙ ምክርም ይልቅ ያ ጎመን ያስተምራል።