የወሊድ መከላከያ እንክብል በወረርሽኙ ወቅት፦ ሳያቋርጡ፣ በትክክል መውሰድ

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ራስን ከበሽታው መጠበቅ ተገቢ ቢሆንም፣ በፍርሃት ከጤና ተቋም መቅረት የራሱ አደጋ አለው። በመርሳ ከተማም ሆነ በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የምትኖር እናት አዲስ እሽግ ለመውሰድ ጥቂት ቀናት ብትዘገይ ያልታቀደ እርግዝና ሊያጋጥማት ይችላል። የቤተሰብ ዕቅድ በወረርሽኝ ወቅትም ሊቋረጥ የማይገባው አገልግሎት ሲሆን፣ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል።

እንክብሉ እንዴት ይሠራል?

ጥምር እንክብል ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዘ ሲሆን፣ በዋናነት የሴቷ እንቁላል እንዳይወጣ ያደርጋል። 28 ፍሬ ባለው እሽግ ውስጥ 21ዱ ሆርሞን አላቸው፤ የመጨረሻዎቹ 7 ፍሬዎች ግን ሆርሞን የላቸውም፤ በብዛት ቡናማ ቀለም ያላቸው የብረት (አይረን) ፍሬዎች ናቸው። የወር አበባ የሚመጣውም በእነዚህ ቀናት ነው። ከሆርሞን ነጻ የሆነው ጊዜ ከ7 ቀን ካለፈ እንቁላል ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እጅግ አሳሳቢው መዘግየት አዲሱን እሽግ ለመጀመር መዘግየት ነው።

ትክክለኛው አወሳሰድ

- የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ ከሆነ፣ እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ ይጀመራል፤ ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናትም ኮንዶም ይጠቀሙ።
- በየቀኑ አንድ ፍሬ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ማታ ከራት በኋላ መውሰድ በረመዳንም ሆነ በሌሎች አጽዋማት ስለማያስቸግር ለብዙዎች ይመቻል።
- ባለቤትዎ ከቤት ርቀው ቢሰነብቱም አያቋርጡ። እንክብሉ የሚሠራው ግንኙነት በሚደረግበት ቀን ብቻ በመውሰድ አይደለም።
- 28ቱ ፍሬ ሲያልቅ በማግስቱ አዲሱን እሽግ ይጀምሩ።

ፍሬ ቢረሳ

- 1 ወይም 2 የሆርሞን ፍሬ ከተረሳ፣ እንዳስታወሱ አንዱን ይውሰዱ፤ የዕለቱንም በሰዓቱ ይቀጥሉ።
- 3 ወይም ከዚያ በላይ ከተረሳ፣ አንዱን ወዲያውኑ ወስደው ይቀጥሉ፤ ለ7 ቀናትም ኮንዶም ይጠቀሙ። ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ከነበረ ስለ ድንገተኛ መከላከያ ባለሙያ ያማክሩ።
- ይህ የሆነው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ፣ የቀሩትን የሆርሞን ፍሬዎች ይጨርሱ፤ 7ቱን ቡናማ ፍሬዎች ትተው በማግስቱ አዲስ እሽግ ይጀምሩ።
- ቡናማው ፍሬ ቢረሳ ችግር የለውም፤ የተረሳውን ጥለው ይቀጥሉ።
- በወሰዱ በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰዎት ሌላ ፍሬ ይውሰዱ።

ለማን አይስማማም?

ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠባ፣ የደም ግፊት፣ የጉበት ሕመም ወይም የጡት ካንሰር ያለባት፣ ከዚህ ቀደም ደም የረጋባት፣ እንዲሁም ዕድሜዋ 35 ሆኖ ወይም አልፎ ሲጋራ የምታጨስ ሴት ሌላ ዘዴ ትምረጥ። ሪፋምፒሲን ያለበት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የእንክብሉን ኃይል ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ተበድሮ መውሰድ አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታይ ማቅለሽለሽ ወይም ጥቂት የደም ጠብታ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ወይም ከዕይታ መደብዘዝ ጋር የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት ከታየ ግን ፈጥነው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የትንፋሽ ማጠር የኮቪድ-19 ምልክትም ነው፤ ጽኑ ኮቪድም ደም የማርጋት ባሕርይ ስላለው እንክብል እንደሚወስዱ ለሐኪሙ ይንገሩ።

እሽጉ ሳያልቅ ያዘጋጁ

ሦስተኛው ሳምንት ሲጀመር ቀጣዩ እሽግ በእጅዎ ይኑር። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ለበርካታ ወራት የሚበቃ እንድትሰጥዎ ይጠይቁ። ከገጠር ለገበያ ወደ መርሳ የሚመጡ እናቶች በዚያው ጉዞ ጤና ጣቢያ ቢደርሱ ተጨማሪ መንገድ ያተርፋሉ። ሲሄዱ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ርቀትዎን ይጠብቁ፤ እጅዎን ይታጠቡ። እሽጉ በመሐል ቢቋረጥብዎ ደግሞ አዲሱን እስኪያገኙ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ እንክብሉ ከኤች.አይ.ቪም ሆነ ከኮቪድ-19 አይከላከልም። ለምክር በነጻ የስልክ መስመር 952 ወይም 8335 ይደውሉ።