አሮጌው ኮምፓይለር ወይስ አዲሱ?

አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማዘጋጀት ተነሥቶ፣ ከእርሱ አስቀድሞ ከተመረቀ ጓደኛው የወንዝ ፍሰት የሚያሰላ የፎርትራን ፕሮግራም ተረከበ እንበል። ፕሮግራሙ በጓደኛው ኮምፒዩተር ላይ ለብዙ ዓመታት ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ነው። ተረካቢው ግን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ፣ በአዲስ ኮምፓይለር ሊያስተረጉመው ቢሞክር ኮምፓይለሩ የስሕተት መዓት ዘርዝሮ ሥራውን አቆመ። አንዱ ወዳጁ «አሮጌውን ኮምፓይለር ፈልገህ ጫን፤ የሚሠራ ነገር አይነካም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ዘመኑ የአዲሱ ነው፤ ስሕተቱን ዝም የሚያሰኝ ማዘዣ አለ፤ እርሱን ጨምርና እለፍ» ሲል ይመክረዋል። ሁለቱም በቅን ልቡና መክረዋል፤ ነገር ግን ሁለቱም ዋናውን ጥያቄ አልጠየቁም። ጥያቄው «ፕሮግራሙን የሚቀበለው የትኛው ኮምፓይለር ነው?» የሚል ሳይሆን «ከፕሮግራሙ የወጣው ቁጥር እውነት ነው ወይ?» የሚል ነውና።

ይህ ችግር ከእኛ የራቀ አይደለም። ፎርትራን ያረጀ ቋንቋ ነው ቢባልም ሥራውን አልተወም። በዓባይ ተፋሰስ ጥናቶች ላይ በብዛት የተሠራበት ስዋት የተባለው የአፈርና የውሃ ሞዴል የተጻፈው በፎርትራን ነው። ላፓክ የተባለው የሊኒየር አልጀብራ ስብስብም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ከኮምፓይለር እትሞች መካከል እንዴት መምረጥ እንደሚገባ በምሳሌ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

1. ኮምፓይለርና አሻሚ ጽሑፍ

ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚረዳው ቋንቋ የተጻፈውን ፕሮግራም መሣሪያው ወደሚረዳው ትእዛዝ የሚመልስ ተርጓሚ ነው። የመጀመሪያውን የፎርትራን ኮምፓይለር ጆን ባከስና ባልደረቦቹ በአይ.ቢ.ኤም. ድርጅት ሠርተው በ1957 ለ704 ኮምፒዩተር አበረከቱት። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ኮምፓይለሮች በየጊዜው ታድሰዋል።

አንድን ደብዳቤ ለሁለት አስተርጓሚዎች ብንሰጥና ደብዳቤው ግልጽ ቢሆን፣ ቃላታቸው ቢለያይም ሐሳቡ አይለያይም። ደብዳቤው ሰምና ወርቅ ያለው ከሆነ ግን አንዱ ሰሙን፣ ሌላው ወርቁን ይዞ ይመለሳል። በቅኔ ይህ ውበት ነው፤ በፕሮግራም ግን ጥፋት ነው። የአሮጌውና የአዲሱ ኮምፓይለር ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የቋንቋው ሕግ በማይፈቅደው ወይም ሕጉ ዝም ባለበት ስፍራ ሲቆም፣ አሮጌው ኮምፓይለር በአንድ መንገድ ይተረጉመዋል፤ አዲሱም በሌላ መንገድ ይተረጉመዋል፣ ወይም አልተረጉምም ይላል።

2. ሦስት ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ዱ የሚባለው የፎርትራን ሉፕ ነው። በ1966 በወጣው የቋንቋው ስታንዳርድ የሉፑ መነሻ ቁጥር ከመድረሻው መብለጥ አይፈቀድለትም ነበር፤ ቢበልጥ ምን እንደሚሆን ግን አልተነገረም። የዚያን ዘመን ብዙዎቹ ኮምፓይለሮች ፍተሻውን ከሉፑ መጨረሻ ላይ ያደርጉ ስለ ነበር ሉፑን ቢያንስ አንድ ጊዜ ይፈጽሙት ነበር። ፎርትራን 77 ሲመጣ ግን ፍተሻው ከመጀመሪያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ስለዚህ መነሻው ከመድረሻው ከበለጠ ሉፑ ጨርሶ አይፈጸምም። እንግዲህ አንድ ፕሮግራም በአንድ ተፋሰስ ውስጥ ያሉትን የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎች ከ1 ጀምሮ እስከ ጣቢያዎቹ ብዛት ድረስ ይደምራል እንበል። ጣቢያ በሌለበት ተፋሰስ ብዛቱ 0 ነው። የድሮው ኮምፓይለር አንድ ጊዜ ይደምርና ከሌላ ተፋሰስ የቀረውን ቁጥር ሊያስገባ ይችላል፤ አዲሱ ምንም አይደምርም። ጽሑፉ አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት ሆነ። ከሁሉ የሚከፋው ከሁለቱ አንዱም የስሕተት መልእክት አለማውጣቱ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በንዑስ ፕሮግራም ውስጥ የሚኖር ቫሪያብል ነው። በብዙ የጥንት ኮምፓይለሮች ቫሪያብሉ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ቋሚ ስፍራ ይሰጠው ስለ ነበር፣ ንዑስ ፕሮግራሙ ተጠርቶ ካበቃ በኋላ ሁለተኛ ሲጠራ የቀድሞውን ዋጋ ይዞ ይገኝ ነበር። ሕጉ ግን ይህን ተስፋ አልሰጠም፤ ዋጋው እንዲጠበቅ የሚፈልግ ሰው ሴቭ በሚለው ቃል በግልጽ መናገር አለበት። ያልተናገረ ሰው ፕሮግራም፣ ለቫሪያብሉ ጊዜያዊ ስፍራ በሚሰጥ ኮምፓይለር ሲተረጐም የትናንቱን የውሃ መጠን ይረሳል።

ሦስተኛው ምሳሌ የዛሬውን ተማሪ በብዛት የሚገጥመው ነው። በ1987 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ነፃ የኮምፓይለር ስብስብ፣ ከ2005 ወዲህ ጂፎርትራን የተባለውን የፎርትራን ኮምፓይለር ይዟል። በ2020 የወጣው 10ኛው የጂ.ሲ.ሲ. እትም በአንድ ፋይል ውስጥ አንድን ንዑስ ፕሮግራም በማይመሳሰሉ የአርጉመንት ዓይነቶች መጥራትን እንደ ስሕተት መቊጠር ጀመረ። ኡቡንቱ 20.04 ከ9ኛው፣ 22.04 ደግሞ ከ11ኛው ጂ.ሲ.ሲ. ጋር ስለ ወጡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሸጋገረ ሰው ፕሮግራሙ በአንድ ሌሊት የተበላሸ መስሎት ይደነግጣል። ፕሮግራሙ ግን አልተበላሸም፤ ቀድሞውንም ተሸፍኖ የኖረ ነገር ተገለጠ እንጂ።

የተሸፈነው ነገር ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ፎርትራን በተለመደው አሠራር ለንዑስ ፕሮግራም የሚያስተላልፈው ቁጥሩን ሳይሆን ቁጥሩ ያለበትን አድራሻ ነው። ጠሪው በ4 ባይት የተጻፈ ነጠላ ትክክለኛነት ያለው ቁጥር አስቀምጦ፣ ተጠሪው 8 ባይት የሚይዝ ድርብ ትክክለኛነት ያለው ቁጥር ይጠብቅ እንደ ሆነ፣ ተጠሪው ከጎረቤቱ 4 ባይት ጨምሮ ያነባል። የሚያገኘው ቁጥር ከታሰበው ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በሌላ በኩል አለመጣጣሙ ጉዳት የሌለው የድሮ ልማድ ሊሆንም ይችላል፤ ለምሳሌ የቁጥሮቹን ዓይነት ሳይመለከት ባይቶችን ከስፍራ ወደ ስፍራ ብቻ የሚያዛውር ንዑስ ፕሮግራም አለ። ስሕተቱን ወደ ማስጠንቀቂያ ዝቅ የሚያደርገው ማዘዣ የተሠራው ለዚህ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ማዘዣው ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ የሚለየው ሰው ብቻ ነው።

3. የሲ ቋንቋ ተማሪዎችም ነገሩ ይመለከታቸዋል

በሲ ቋንቋ ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን ኢንት የተባለውን ሙሉ ቁጥር እንደሚመልስ ተደርጎ ይገመት ነበር። ይህ ልማድ በ1999ኙ ስታንዳርድ ከቋንቋው ወጥቷል፤ ጂ.ሲ.ሲ. ግን ለብዙ ዓመታት በማስጠንቀቂያ ብቻ አልፎታል። በ2024 የወጣው 14ኛው እትም ስሕተት ነው ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በተለመዱት ባለ 64 ቢት ኮምፒዩተሮች ላይ ኢንት 32 ቢት፣ አድራሻ ግን 64 ቢት ነው። አድራሻ የሚመልስ ፈንክሽን ኢንት ይመልሳል ተብሎ ሲገመት የአድራሻው ግማሽ ተቆርጦ ይቀራል፤ ፕሮግራሙም አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይወድቃል።

በ2025 የወጣው 15ኛው እትም ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ይህ እትም ሌላ ካልታዘዘ በስተቀር ፕሮግራሙን የሚያነበው ሲ 23 በተባለው አዲስ ስታንዳርድ ነው። በዚህ ስታንዳርድ ቡል የቋንቋው የራሱ ቃል ስለ ሆነ፣ በዚህ ስም የራሱን ዓይነት የፈጠረ የቆየ ፕሮግራም አይተረጐምም። እዚህ ላይ ግን ፕሮግራመሩ በዘመኑ ሕግ መሠረት ጥፋት የለበትም። መድኃኒቱም አሮጌ ኮምፓይለር መፈለግ አይደለም፤ አዲሱን ኮምፓይለር «ይህን ፕሮግራም በቀድሞው ስታንዳርድ አንብብልኝ» ብሎ ማዘዝ ነው። ስለዚህ የኮምፓይለር እትምና የቋንቋ ስታንዳርድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መርሳት አይገባም። አዲሱ ኮምፓይለር የድሮውንም ቋንቋ ያነባል።

4. አሮጌው የሚያስፈልግበት ጊዜ

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለው ተረት በዚህ ጉዳይ ጨርሶ ከንቱ አይደለም። አሮጌውን ኮምፓይለር ለመያዝ ሦስት የሚያጠግቡ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የቀድሞ ውጤትን ደግሞ ማግኘት ነው። አንድ ጥናት የታተመው በአንድ እትም ተሠርቶ ከሆነ፣ ያንን ውጤት ለመመርመር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ በዚያው እትም ሠርቶ ያንኑ ቁጥር ማግኘት አለበት። መነሻውን ሳያገኝ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ሊናገር አይችልም።

ሁለተኛው የተቀናጁ ክፍሎች ጉዳይ ነው። ጂፎርትራን የሚያዘጋጀው የሞዱል ፋይል ከእትም ወደ እትም ቅርጹ የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ፣ በአንዱ የተዘጋጀ ላይብረሪ በሌላው ላይነበብ ይችላል። የላይብረሪው ምንጭ በእጃችን ከሌለ ለጊዜው አብሮት የተሠራውን ኮምፓይለር መያዝ ግድ ይሆናል። ምንጩ ካለን ግን ሁሉንም በአንድ እትም እንደ ገና ማስተርጐም ይሻላል።

ሦስተኛው አዲስ ኮምፓይለር ራሱ ስሕተት የማያጣው መሆኑ ነው። ጂ.ሲ.ሲ. በዓመት አንድ ዋና እትም ያወጣል፤ የመጀመሪያው በነጥብ 1፣ የታረሙት ተከታዮቹ በነጥብ 2ና በነጥብ 3 ይታወቃሉ። ለመመረቂያ ሥራ የሚፈልግ ሰው ትናንት የወጣውን ነጥብ 1 ከመሻማት፣ እርማት የተደረገለትን ቢይዝ ብልህነት ነው። ይሁን እንጂ የቆዩት ተከታታይ እትሞች ከጥቂት ዓመታት በኋላ እርማታቸው ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የተገኘባቸው ስሕተት ሁሉ አብሯቸው ይኖራል።

5. ቁጥሩ በጥቂቱ ሲለያይ

ሁለቱም ኮምፓይለሮች ፕሮግራሙን ተቀብለው መልሳቸው በመጨረሻዎቹ አኃዞች ብቻ ቢለያይስ? ይህ ብቻውን የስሕተት ምልክት አይደለም። ኮምፒዩተር ቁጥርን በተወሰነ ቦታ ስለሚይዝ የመደመር ቅደም ተከተል ውጤቱን ይለውጣል። በነጠላ ትክክለኛነት 100,000,000 ላይ 1 ደምረን ድምሩን እዚያው ካስቀመጥን በኋላ 100,000,000 ብንቀንስ 0 እናገኛለን፤ አስቀድመን ቀንሰን ቀጥሎ 1 ብንደምር ግን 1 እናገኛለን። ለፍጥነት ሲባል ቅደም ተከተሉን እንዲለውጥ የተፈቀደለት ኮምፓይለር ይህን ዓይነት ልዩነት ያመጣል።

ልዩነቱ በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው አኃዝ ላይ ብቻ ቢሆን ለነጠላ ትክክለኛነት የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው አኃዝ ላይ ከሆነ ግን፣ ወይ ፕሮግራሙ አሻሚ ነገር አለበት፣ ወይም የሒሳቡ ዘዴ ራሱ ለጥቂት መዛባት የማይታገሥ ነው። በሁለቱም መንገድ ሊመረመር ይገባዋል።

6. ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ የሚከተለውን የሥራ ደንብ ማውጣት ይቻላል።

ሀ) አሮጌው ኮምፓይለር ሳይጠፋ በእርሱ ፕሮግራሙን ሠርቶ፣ መረጃውንና ውጤቱን በአንድነት ማስቀመጥ። ይህ መመዘኛችን ነው።

ለ) በአዲሱ ኮምፓይለር፣ ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉና የድርድር ወሰን ፍተሻውን አብርቶ ማስተርጐም። የወጣውን ስሕተት አንድ በአንድ ማንበብ እንጂ በጅምላ ዝም ማሰኘት አይገባም። ዝም ለማሰኘት የተገደደ ሰው የትኛውን ለምን እንዳለፈው ይጻፍ።

ሐ) ንዑስ ፕሮግራሞችን በሞዱል ውስጥ ማስገባት። ያን ጊዜ ኮምፓይለሩ በልዩ ልዩ ፋይሎች መካከል ያለውን የአርጉመንት አለመጣጣምም ይይዛል።

መ) ሁለቱን ውጤቶች ማስተያየት፤ ልዩነቱ ከሚጠበቀው በላይ ከሆነ «አዲሱ ኮምፓይለር አበላሸው» ከማለት በፊት በራስ ፕሮግራም ውስጥ መፈለግ።

ሠ) በመመረቂያው ጽሑፍ ውስጥ የኮምፓይለሩን ስም፣ ሙሉ የእትም ቁጥር፣ የተነገረውን ስታንዳርድና የተሰጡትን ማዘዣዎች መመዝገብ። የኬሚስትሪ ተማሪ የሚዛኑን ዓይነት እንደሚጽፍ ሁሉ የእኛም ሚዛን ኮምፓይለሩ ነውና።

ወደ መጀመሪያው ተማሪ እንመለስ። በእነዚህ ደንቦች ሄዶ ከስሕተቶቹ አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ልማዶች ሆነው ቢያገኛቸው፣ ሁለትና ሦስት ቀን ከመድከም በቀር የሚጎዳው ነገር የለም። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ እውነተኛ ጥፋት ቢሆንና የጓደኛው ጽሑፍ ቁጥር የተሳሳተ መሆኑ ቢገለጥስ? ይህ ከኮምፓይለር ምርጫ የሚከብድ ፈተና ነው። ጓደኛውን ማሳፈር አይወድም፤ አማካሪው ምን እንደሚለውም ያስጨንቀዋል። ቢሆንም የፍሰት ቁጥር በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ የቦይ ስፋትና የድልድይ ከፍታ የሚወሰነው በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለጓደኛው ለብቻው ነግሮ፣ አብረው መርምረው፣ እርማቱን በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። የጓደኛው ጥፋት በአሮጌ ኮምፓይለር መሥራቱ አልነበረም፤ የሚያየው ሰው አለመኖሩ ነበር።

እንግዲህ አሮጌው ለማስታወስ፣ አዲሱ ለመመርመር ይጠቅሙናል፤ መፍረድ ግን የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው።